ትምክሕት

ትምክሕት የሚለው ስም «ተመክሐ» ከተባለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ የዐማርኛውም «ተመካ» ወገኑ ነው። ቃሉ ብቻውን አይነቀፍም፤ በእግዚአብሔር የታመነውም ሰው ተመካ ይባላልና። የሚያስነቅፈው የሚመኩበት ነገር ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ያቀረቡልን የዲማው ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ የሚመኩት በዘራቸው ነበር። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለጋብቻ የጠየቀውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ፥ የመዳሪያዋ ጊዜ አለፈባት። በአባት ትምክሕት የተጐዳች ልጅ ናት።

እንግዲህ በብቸናም ሆነ በሞጣ ልጅ ያለው ወላጅ፥ ሽማግሌ ከደጁ በቆመ ጊዜ «ዘሩ ከማን ነው?» ከማለቱ በፊት፥ «እኔ የምመካው በምንድር ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።