ዝግተኛው አሸዋና ፈጣኑ አሸዋ

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተሐዋስያን በጠራው ብርጭቆ ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ፥ ውሃ በምን መንገድ እንደሚጣራ ማወቅ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የጠጪው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ለዚህ የጀርመኗ ከተማ የሐምቡርግ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ሐምቡርግ የኤልብን ወንዝ ሳታጣራ ለሕዝቧ ታድል ስለ ነበረ፥ ኮሌራ ገብቶ ከ8 ሺህ የሚበልጥ ሰው ፈጀ። ጎረቤቷ አልቶና ግን ከዚያው ወንዝ፥ ያውም የሐምቡርግ ቆሻሻ ከተጨመረበት በታች እየቀዳች፥ ውሃውን በአሸዋ ታጣራ ስለ ነበረ ከመቅሠፍቱ በአመዛኙ ዳነች።

ያ አሸዋ ዝግተኛ ማጣሪያ የሚባለው ነው። ውሃው በሰዓት ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። በአሸዋው ፊት ላይ ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን ይበቅላል፤ በዚያ የሰፈሩት ረቂቃን ፍጥረታትም በሽታ አምጪዎቹን ይይዛሉ፥ ይበላሉም። ሽፋኑ እስኪበስል ቀናት፥ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ ማጣሪያው ሲደፈንም የላይኛው አሸዋ በአካፋ ይገፈፋል።

በፈጣኑ ማጣሪያ ግን ጭቃው አስቀድሞ አሉም በሚባል ጨው ተያይዞ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ከዚያም ውሃው በሰዓት ከ5 እስከ 15 ሜትር ይወርዳል። ጠባብ ስፍራ ይበቃዋል፤ የደፈረሰ ወንዝም አይበግረውም። ነገር ግን አሉሙ ከተቋረጠ ወይም ልኩ ከተሳተ፥ አሸዋው ብቻውን ተሐዋስያንን በበቂ አይገታም።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? በክረምት ወንዞቻችን አፈር ተሸክመው ስለሚወርዱ፥ አስቀድሞ ማርጊያ ገንዳ ያልተሠራለት ዝግተኛ ማጣሪያ ፈጥኖ ይደፈናል። ስለዚህ እንደ ለገዳዲ ያለው፥ ብዙ ሕዝብ የሚያጠጣ ሥራ የፈጣኑን መንገድ መከተሉ ተገቢ ነው። ስፋት ያለው መሬትና ትጉህ ሠራተኛ እያላት አሉምን ከሩቅ ለምትጠብቅ ታናሽ ከተማ ግን፥ የጭነት መኪና በመንገድ በቀረ ቁጥር የሕዝቡ ጤና አብሮ መቅረት የለበትም።

ዝግተኛው አሸዋ አሮጌ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ ለንደንና አምስተርዳም ዛሬም ይጠቀሙበታል። በሁለቱም መንገድ የተጣራው ውሃ በቧንቧ ሲጓዝ እንዳይበከል መጠነኛ ክሎሪን ቢጨመርበት መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን ማጣሪያ የሚመረጠው በአዲስነቱ ሳይሆን፥ በወንዙ ጠባይና ነገ በሚጠብቀው እጅ ተመዝኖ ሊሆን ይገባል እንላለን።