ለገጠር በሽታ ምርምር የሚመደበው ገንዘብ የገበሬውም ጉዳይ ነው

መሬት ኖሮት በሬ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ለገበሬ ማኅበር መሪ መንገር አያስፈልግም። ማሳውን ለእኩል ይሰጣል፤ አለዚያም የሌላውን ሲያርስ ሰንብቶ ወደ ራሱ የሚመለሰው ዝናሙ ካለፈ በኋላ ነው። በጤና ሳይንስ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው የራሳቸውን ምርምር ለመጀመር የሚነሡ ወጣቶች፣ በተለይም ከገጠር የወጡትና ሴቶቹ፣ ያሉበት ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዕውቀቱ አላቸው። ለቤተ ሙከራው፣ ለመኪናው ነዳጅ፣ ለናሙናው መመርመሪያ የሚሆነው ገንዘብ ግን በእጃቸው የለም። በመሆኑም ገንዘብ ያለው ወገን የመረጠውን በሽታ ሲያጠኑ ይከርማሉ፤ የአገራቸው ወንዝና የአገራቸው አፈር የሚያመጣው በሽታ ጦም ያድራል።

ይህ የከተማና የዩኒቨርሲቲ ወሬ ነው የሚል ቢኖር እንዶድን ያስታውስ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣት ነበሩ። ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ በሄዱበት ጊዜ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ ተንሳፈው አዩ። የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሩ እነዚያም ሞቱ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። እንዶድን ያወቁት ዶክተሩ ሳይሆኑ አጣቢዎቹ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ የዶክተሩ ሙያ ሴቶቹ በየቀኑ የሚሠሩበትን ነገር በሳይንስ ዓይን አይቶ መጠየቁ ነበር።

ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ ውሃው ደርቆ በተፈጨ የእንዶድ ፍሬ እየታከመ ቆየ። በሕዝቡ ላይ ከመቶ 63 የነበረው የበሽታው ሥርጭት ወደ 34 ወረደ። በትናንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየስፍራው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ኃይለኛ የሆነውን፣ ዓይነት 44 የተባለውን፣ መረጡ።

ይህን ያህል ከተሠራ በኋላ ነገሩ በፍጥነት መሄድ ነበረበት። አልሄደም። በኢትዮጵያ የተገኘው ውጤት ብቻውን አይበቃም፣ ለሰውና ለአካባቢ ጎጂ አለመሆኑ በዓለም አቀፍ መመዘኛ በተደራጀ ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ ተባለ። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለውም፤ ወደ ወንዝ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ይሁን እንጂ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብ በአንድ ድሃ አገር ተቋም አቅም የሚቻል አልነበረም። በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተደረገው የመርዛማነት ጥናት እስኪወጣ ከዓድዋው ግኝት ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ሁለቱ ዶክተሮች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ ቀንድ አውጣው ግን በየወንዙ እንደነበረ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ትሉን ከሰውነት ውስጥ ይገድላል። ወንዙን ግን አያጠራም፤ ኪኒኑን የዋጠው ልጅ ነገ ከብት ሲያጠጣ እንደገና ሊያዝ ይችላል። በጤና ኬላው መድኃኒት ሳይሟላ ለምርምር ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል ለሚለው አቤቱታም መነሻ የሚሆነው ይኸው ነው። ኬላው በእርግጥ መሟላት አለበት። ከኬላው የሚሰጠው መድኃኒት ግን አንድ ጊዜ የአንድ ተመራማሪ ጥያቄ ነበር።

የዝሆኔም ነገር እንዲሁ ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሥራት የሚመጣው የእግር እብጠት ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ እንደሚከላከሉት የታወቀ ነው። የት የት እንዳለ ግን በመላ አገሪቱ ተጠንቶ አልነበረም። በ2013 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዌልካም ትረስት ድጋፍ ጭምር አግኝተው በ659 ወረዳዎች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን አዩ፤ ከመቶው አራቱ ታማሚ ሆነው ተገኙ። ካርታው ከተሠራ በኋላ የትኛው ወረዳ ቅድሚያ እንደሚያሻው መከራከር ቀረ።

በ2018 የአፍሪካ ሳይንስ አካዳሚ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋምና የጌትስ ፋውንዴሽን ለአፍሪካውያን ወጣት ዶክተሮች የጀመሩት መርሐ ግብር ሁለት ዓመት በአሜሪካ ካሠራ በኋላ በአገራቸው ተቋም ለሚቀጥሉት ሥራ ድጋፍ እንዲኖረው ሆኖ የተነደፈ ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። ወጣቱን ወስዶ በዚያው የሚያስቀር ገንዘብ ከሆነ ገጠሩ ልጁንም አጣ፣ ምርምሩንም አጣ። ከዚህም ሌላ ውድድሩ በታተመ ጽሑፍ ብዛት ብቻ ከተካሄደ የሚያልፉት ቀድሞ መንገድ የተጠረገላቸው ናቸው። በመብራት እጦት እያጠናች፣ ውሃ እየቀዳች ዶክትሬት የደረሰች የገበሬ ልጅ በዚህ ሚዛን ትቀላለች። ገንዘብ የሚመድቡ ክፍሎች ለእንዲህ ያሉት የተለየ ድርሻ ቢይዙ ችሮታ አይባልም፤ ስለ ወንዙና ስለ ቀይ አፈሩ መጠየቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

የማኅበር መሪዎች ገንዘቡን አይመድቡም። የጥናት ቡድን ደም ወይም ሰገራ ለመውሰድ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ግን ሕዝቡን ሰብስቡ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ያን ጊዜ ጥናቱን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ ከአካባቢው ልጆች ሥራውን የሚማር መኖሩን፣ ውጤቱም በስንት ወር ውስጥ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ እንደሚነገር ቢጠይቁ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ ቢይዙት አግባብ ነው።