ምን አስቸኮላችሁ?

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስ ከጠበቅነው ያልፍበታል።» ይህን ያለው ሰሞኑን ሯጭ ሊመለምል እንጅባራ የመጣ አንድ የክለብ አሠልጣኝ ነው። አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዎንታቸውን ሲገልጹ አየሁ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ምኑ ነው የሚያልፍበት? የምናወራው ስለ ረጅም ርቀት እኮ ነው! ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ 35 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ እዚያው በርሊን በ2019 በ2:01:41 ሲገባ 37 ሞልቶት ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር ነበር የሮጠችው፤ ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። እግር እንዲህ የሚቆይ ከሆነ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ዓመት ቢታገሥ ምን ይቀርበታል?

ሁልጊዜ የሚጠሩልን ጥሩነሽ ዲባባን ነው። እውነት ነው፤ በ2003 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና ልጅ ነበረች። በልጅነታቸው ተመልምለው የትም ሳይደርሱ የቀሩትንስ ማን ቆጠራቸው? ፀጋዬ መኮንን በ2014 በ18 ዓመቱ ዱባይን በ2:04:32 ሲያሸንፍ አገር ጉድ አለ። ያን ሰዓት ከዚያ ወዲህ አላሻሻለውም። ፀጋዬስ ቢያንስ አሸንፎ ተሸልሟል። ባዶ እጁን የተመለሰው ልጅ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ኮቤ ብራያንትንና ሌብሮን ጄምስን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የወሰደው የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ እንኳ በ2005 ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ተስማምቶ በሚመለመልበት ዓመት 19 ዓመት የማይሞላውን ላለመቀበል ወስኗል። ያውም ልጁ በሚሊዮን ዶላር በሚፈርምበት አገር!

እኛ ጋስ? አንድ የዳንግላ ገበሬ ለልጁ በአውራ ጣቱ የፈረመበትን ውል አይቻለሁ። አንዲት ገጽ ናት። ደመወዝ አለ፣ ትጥቅ አለ፣ መኝታ አለ። ስለ ትምህርት አንድ መስመር የለም፤ ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመውም አልተጻፈም። ልጁ ከትምህርት ቤቱ መሸኛ ተቀብሎ ሄደ። መሸኛውን አዲስ አበባ ውስጥ የተቀበለው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ ያለበትን ልጅ ማን ክፍል ያስገባዋል? ጉልበቱን ሲታመም ክለቡ አሰናበተው። መሸኛው እንደታጠፈ ከሻንጣው ጋር ተመልሶ መጣ። የክፍል ጓደኞቹ ፈተናቸውን ወስደዋል።

ያለፈበት ይሄ ነው። የሚቸኩለው ክለቡ ነው፤ የዘንድሮ ውድድር አለበት፣ ነጥብ ይፈልጋል፣ ማናጀሩም ኮሚሽኑን ይጠብቃል። የልጁን ዕድሜ ሰበብ አታድርጉት።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ፍለጋ የአዊ ዞንን ልጅ ከቤቱ የሚያስወጣ ምክንያት የለም። አሠልጣኝ ይላክ፣ ጫማ ይላክ፣ ልጁ ጠዋት ሮጦ ክፍሉ ይግባ። የግድ እንወስዳለን ካላችሁም የሚማርበት ትምህርት ቤትና የሕክምናው ወጪ ውሉ ላይ ይጻፍ። የዞናችን ርዕሳነ መምህራን ይህ ያልተጻፈበትን ውል ይዞ ለመጣ ክለብ መሸኛ እንዳይሰጡ እለምናለሁ።