ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ኪሎ ብቻ አይበቃም

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ወላጆች፣ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ይዛችሁ ለክትትል ስትመጡ እኛ ቀድመን የምናየው ኪሎውን ነው። እናንተ የምትጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ «ያያል? ይሰማል? ከእኩዮቹ ጋር ይማራል?»

በጎንደር፣ በጅማ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በጋንዲ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። ሞትን መቁጠር ግድ ነው። ግን ቆጠራው 28ኛው ቀን ላይ ያበቃል፤ የእናንተ ጭንቀት ደግሞ ገና መጀመሩ ነው። በእኔ እምነት የልጁ ዓይን፣ ጆሮና እርምጃ፣ የእናት እንቅልፍ፣ (አዎ!) የቤተሰቡ ኪስም ጭምር መመዝገብ አለበት።

እስከዚያው እናንተ ጀምሩት። በጣም ቀድሞ ለተወለደ ልጅ በአራት ሳምንቱ አካባቢ የዓይን ምርመራ ጠይቁ፤ ካለፈ ዓይነ ስውርነት ሊያስከትል ይችላል። ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ የስምንት ወር ልጅ ዕድገቱ የሚለካው እንደ ስድስት ወር ልጅ ነው፤ ጎረቤት «እስካሁን አልተቀመጠም?» ቢላችሁ አትደንግጡ። ክትባቱ ግን በተወለደበት ቀን ይቆጠራል። የሳቀበትን፣ የተቀመጠበትን ቀን ጽፋችሁ በቀጠሯችሁ አምጡልን።