የማን ልጅ ነው?



እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1997 ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ወደ ደቡብ ሊባኖስ ወታደሮች የጫኑ ሁለት የአየር ኃይል ሄሊኮፕተሮች በላይኛው ገሊላ፣ በሸአር ያሹቭ ሞሻቭ ሰማይ ላይ ተጋጩ። 73 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈ አልነበረም። ከእነሱ 65ቱ ተሳፋሪ ወታደሮች፣ 8ቱ የአየር ኃይሉ በራሪዎች ነበሩ።

እኛ ያን ጊዜ በሐዴራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በየቤታችን ዜናውን ለወላጆቻችን የምንተረጉመው እኛው ልጆች ነበርን። የሟቾቹ ስም በቴሌቪዥን ሲነገር እናቶቻችን በእያንዳንዱ ስም ላይ «የማን ልጅ ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። የቤተሰቡን ስም ብንነግራቸውም አልበቃቸውም። አባቱን፣ አገሩን፣ ዘመዱን ማወቅ ፈለጉ። በእኛ ወግ ለቅሶ የሚደረሰው ሟቹ ከነወገኑ ታውቆ ነውና።

የአየር ኃይል ሰው ለቤተሰቦቻችን ባዕድ አልነበረም። ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችንን ከአዲስ አበባ ካመጡት አውሮፕላኖች መካከል የአየር ኃይሉ ሄርኩሌሶች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ያን ማታ ብዙ ሽማግሌዎች እንደ ራሳቸው ልጆች አለቀሱላቸው።

ዛሬ በዳፍና ኪቡጽ አጠገብ ባለው መታሰቢያ 73 ድንጋዮች ቆመዋል፤ ስማቸውም በክብ ኩሬ ውስጥ፣ ከውሃው ሥር ተጽፏል። ድንጋይ ስም ይይዛል። ልጁ በሰፈር ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር፣ በምን ይስቅ፣ በምን ይቆጣ እንደ ነበር የሚያውቀው ግን አብሮ ያደገ ጓደኛው ነው።

እኛም አብሮን ያደገ፣ በአየር ኃይል ሲያገለግል የሞተ ጓደኛ አለን። ስሙን እዚህ ያልጻፍነው የቤተሰቡን ፈቃድ ስላልጠየቅን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዮም ሃዚካሮን እየተሰበሰብን ወደ ቤታቸው እንሄድ ነበር። ከዚያ ሥራው፣ ልጆቹ፣ መንገዱ እያልን ቀረን። እውነቱን ለመናገር አማርኛችን እየደከመ ስለ ሄደ እናቱ ፊት ምን እንደምንል ጨንቆን ነው።

በቅርቡ ተያይዘን ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ስለ ወታደርነቱ አልጠየቁንም፤ የምስክር ወረቀቱም ፎቶግራፉም ግድግዳው ላይ አለ። «ልጄ ከቤት ውጭ ይስቅ ነበር?» አሉን። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ክፍሉን በሙሉ የሚያስቀው እሱ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ እስኪመሽ ነገርናቸው። እሳቸውም በጎንደር ሕፃን ሳለ ያወጡለትን፣ እኛ ፈጽሞ የማናውቀውን ስም ነገሩን። ያ ልጅ በሁለት ቋንቋ ነበር የኖረው፤ ግማሹ እሳቸው ዘንድ፣ ግማሹ እኛ ዘንድ ቀርቶ ኖሯል።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ወደዚህ አገር ሲገቡ ስማቸው ተቀይሯል፤ በመቃብሩ ላይ የሚቀረጸውም በሰነድ ያለው የዕብራይስጥ ስም ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር ኢዝኮር በተባለው ገጹ የእያንዳንዱን ሟች ታሪክ በዕብራይስጥ ያሰፍራል። አማርኛ ብቻ የምታነብ እናት ስለ ልጇ የተጻፈውን ልታነብ አትችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። የሟች ጓደኞች ሆይ፣ አማርኛችሁ ቢሰበርም ወደ እናቱ ቤት ሂዱ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በተወለደበት ቀን ያወጣችሁለትን ስምና ትርጉሙን ለጓደኞቹ ንገሩ። መምህራን ጓዶቻችን ሆይ፣ በትምህርት ቤት የሟቾች ስም ሲነበብ የመጀመሪያ ስማቸውም አብሮ እንዲነበብ ቤተሰቡን ጠይቁ።

ቤተሰብ የፈቀደውን ታሪክ እኛ በሁለቱም ቋንቋ፣ ጎን ለጎን እናትማለን። በአማርኛ መጻፍ የማይችል መጥቶ ይንገረን፤ እኛ እንጽፍለታለን።

ለሐዘንተኞች ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ።