ወንጌልን በቃሉ የተናገረ ልጅ

ጾመ ነቢያት ወደ መፈጸሚያው ሲቃረብ፥ በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ቤቶች ልጆች የባሕር ማዶ የገና ፊልም በቴሌቪዥን ሲመለከቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይረሳሉ። አንዱ ግን ስድሳ ዓመት ያህል ሲወደድ ኖሮአል፤ ምክንያቱን መመርመርም ለወላጆች ይጠቅማል።

ይህ በሥዕል የተሠራ ፊልም «የቻርሊ ብራውን ገና» ይባላል። ድርሰቱ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የቻርልስ ሹልዝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኅዳር 30 ቀን 1958 ዓ.ም. በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ሲሆን፥ በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የጣቢያው ሹማምንት አስቀድመው ባዩት ጊዜ አካሄዱ የዘገየ፥ የጃዝ ሙዚቃውም የማይስማማ መስሎአቸው አልወደዱትም። በመዝናኛ መካከል ወንጌል መነበቡ የሥራ ባልደረቦቹን ሳይቀር አሳስቦአቸው ነበር፤ ሹልዝ ግን ንባቡ እንዲቀር አልፈቀደም። በዚያች ምሽት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከከፈቱት ግማሽ ያህሉ ተመለከቱት።

ታሪኩ አጭር ነው። ቻርሊ ብራውን በዓሉ የንግድና የጌጥ ውድድር ሆኖ ስላየው ያዝናል፤ ከሚያብለጨልጩት የአሉሚኒየም ዛፎች መካከል አንዲት ደካማ እውነተኛ ዛፍ መርጦ ቢያመጣ ጓደኞቹ ይሥቁበታል። ተስፋ ቆርጦ የገና ትርጉም የገባው ሰው እንዳለ ሲጠይቅ፥ ላይነስ የተባለው ጓደኛው ከእጁ የማይለየውን ብርድ ልብስ እንደ ያዘ መድረክ ላይ ይቆምና ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 14 ያለውን በቃሉ ይናገራል። መልአኩ እረኞቹን ከፍርሃት ከሚያረጋጋበት ቃል ሲደርስ ብርድ ልብሱን ይለቀዋል። ንባቡን ሲፈጽም መልሶ ያነሣዋል፤ ልጅ ነውና።

የፊልሙ ኃይል ያለው በዚህ ስፍራ ነው። ስብከት የሚጨምር አዋቂ የለም፤ ሙዚቃው ጸጥ ይላል፤ አንድ ልጅ በልቡ ያኖረውን ቃል ለአዘነ ጓደኛው ያካፍላል።

በእኛ ዘንድ ቃልን በቃል ማጥናት የአብነት ትምህርት ቤት የዕለት ሥራ ሆኖ የቆየ ሀብት ነው። ነገር ግን ላይነስ ሲናገር አብሮት ሊል የሚችል ልጅ ዛሬ በየቤታችን ይገኛልን? ልጆች ፊልሙን ቢያዩ ክፋት የለውም፤ የሚያሳዝነው የልደቱን ታሪክ ከፊልም በቀር ከሌላ ሳይሰሙት ቢያድጉ ነው።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፤ እነዚያ ቁጥሮች 7 ብቻ ናቸው። በየማታው አንድ ቁጥር ቢጠና በአንድ ሳምንት ይፈጸማል። በገና ዕለት ከቅዳሴ ተመልሳችሁ፥ ማዕዱ ተባርኮ ከመቆረሱ በፊት፥ ከልጆቻችሁ ታናሹ ጋቢውን እንደ ለበሰ ተነሥቶ ይበለው። ቢሳሳት አትሣቁበት፤ አስታውሱትና ይቀጥል። በፊልሙም ያች ደካማ ዛፍ ያማረችው የሣቁባት ልጆች ተመልሰው በተንከባከቡአት ጊዜ ነው።