ለድሬዳዋ ቀትር የሌሊት በረዶ

በኒው ዮርክ ማንሃተን፣ ባለ 55 ፎቁ የባንክ ኦፍ አሜሪካ ሕንፃ ሥር 44 ትላልቅ ታንከሮች ተደርድረዋል። ሌሊት ሠራተኛው ቤቱ ሲገባ በታንከሮቹ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ በማግስቱ ፀሐይዋ ስትበረታ በረዶው እየቀለጠ የሕንፃውን ሙቀት ይስባል። ቺካጎም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በረዶ ከሚያከማቹ ማዕከላዊ ጣቢያዎች በመሬት ሥር በተቀበረ ቧንቧ ለመሀል ከተማ ሕንፃዎች ቀዝቃዛ ውሃ ታድላለች።

ታንከሩን ከውጭ ላየው በየጣሪያው ላይ ከሚታየው ሮቶ ብዙም አይለይም። ውስጡ ግን በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ጥምጥም የተሞላ ነው። ሌሊት ቺለሩ (የሕንፃው ማቀዝቀዣ ማሽን) እንዳይረጋ የሚያደርገው ግላይኮል የተቀላቀለበትን ውሃ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ አቀዝቅዞ በቱቦው ይልከዋል። ይህ ፈሳሽ አይረጋም፤ ቱቦውን የከበበው ውሃ ግን እየረጋና እየወፈረ ሄዶ እስኪነጋ ታንከሩ ድፍን በረዶ ይሆናል። ቀን ደግሞ ያው ፈሳሽ የክፍሎቹን ሙቀት ተሸክሞ ይመለስና በበረዶው መሃል አልፎ ቀዝቅዞ ይወጣል። የታንከሩ ውሃ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ሌሊት ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ለዓመታት።

አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃዋል። አንድ ኪሎ በረዶ ግን ለመቅለጥ ብቻ 334 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። በዚህ ስሌት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ረግቶ ሲቀልጥ፣ ገበያ ላይ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው ኤሲ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ሠርቶ የሚያስወጣውን ያህል ሙቀት ይውጣል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ “ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?” ቢል አይፈረድበትም። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራና ጎዴ ግን ሌላ አገር ናቸው። ከዚራ ሠፈር ያሉት የድሬዳዋ ነባር ቤቶች በወፍራም ግድግዳ፣ በከፍተኛ ጣሪያና በዛፍ ጥላ ሙቀቱን ይመክታሉ። መስታወት ለብሶ የሚሠራ ሕንፃ ግን ያለ ኤሲ አይውልም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኤሲው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል።

ኃይሉስ አለን የሚል ይኖራል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታዲያ ግድቡ ራሱ ኃይል አከማችቶ የለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ግድብ ውሃ ያከማቻል እንጂ የሠፈርን ትራንስፎርመር አያሰፋም። መስመሩና ማከፋፈያው የሚጨነቁት ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲስብ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያው መስመር ፋታ ያገኛል። በረዶ ያንን የፋታ ሰዓት ይጠቀምበታል።

ከሁሉ የሚልቀው ጥቅም መብራት ሲጠፋ የሚገኘው ነው። ብዙ ኃይል የሚበላው የቺለሩ ኮምፕረሰር ነው። በረዶ ያከማቸ ሆስፒታል ግን ፓምፑንና ማራገቢያዎቹን ብቻ በአነስተኛ ጄኔሬተር አንቀሳቅሶ የኦፕራሲዮን ክፍሉን ቀዝቃዛ አድርጎ ሊያቆይ ይችላል። ለቆላ ከተሞች ሆስፒታሎች ይህ ቅንጦት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ በረዶ መሥራት ውሃን ከማቀዝቀዝ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ቺለሩ ከዜሮ በታች መውረድ አለበትና። የሌሊቱ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ይህን ኪሳራ በከፊል ይክሳል። ሌሊቱም በሚያቃጥልበት በሰመራ ትርፉ ከድሬዳዋ ያነሰ ይሆናል። ለመኖሪያ ቤትም የሚመከር አይደለም፤ ቦታው ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ተርሚናልና ፋብሪካ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አሠራሩን ያስፋፋው የሌሊት ኃይል ከቀኑ ርካሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ መንግሥት ለቆላ ከተሞች ትልልቅ ደንበኞች ታሪፉን በሰዓት ለይቶ የሌሊቱን ሊቀንስላቸው ይገባል፤ ባለሀብት በራሱ ወጪ የመስመሩን ጭነት ሲያቃልል ጥቅሙን ቢያንስ በመብራት ቢሉ ላይ ሊያየው ይገባል። የቦታው ነገር ደግሞ ታሪፍ እስኪወጣ አይጠብቅም። ለታንከሮቹ የሚሆን ክፍል ፕላኑ ላይ ካልገባ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ማግኘቱ ከባድ ነው። በእነዚህ ከተሞች ሆቴልና ሆስፒታል የሚያስገነቡ ሁሉ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መሐንዲሶቻቸውን የበረዶ ማከማቻ አማራጭ አስልተው እንዲያቀርቡላቸው ይጠይቁ።